ከምን የበለጠ?

አማርኛ ሁለት ነገር ሲያወዳድር አንዲት ፊደል ትበቃዋለች። «ከ»። አበበ ከከበደ ይረዝማል። ዘንድሮ ከአምና ይሻላል። ቅጽሉ ራሱ ንቅንቅ አይልም፤ ረጅሙም ረጅም፣ ጥሩውም ጥሩ እንደሆነ ይቆያል። የማወዳደሩን ሥራ የምትሠራው «ከ» ናት። እሷን አውጥታችሁ «አበበ ይረዝማል» ብትሉ የሰማችሁ ሁሉ «ከማን?» ይላል። ትንሽ ልጅም ይጠይቃል።

ጋዜጦቻችን ግን ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ለብዙ አሥርት ዓመታት «የበለጠ» ሲሉ ኖረዋል። የበለጠ ጥረት። የተሻለ ኑሮ። የላቀ ውጤት። «ከመቼውም ጊዜ በበለጠ» ብሎ የጀመረን ዜና ደግሞ በሬዲዮ ያደገ ሰው ሁሉ «ተጠናክሮ ይቀጥላል» ብሎ በእንቅልፍ ልቡ ይጨርሰዋል።

ስለ ድሮ ጋዜጣ ሲወራ ሰው የሚያነሳው ትልልቆቹን ቃላት ነው። ግርማዊ፣ አብዮታዊ፣ አድኃሪ፣ ቆራጥ። እነዚህ ዘመናቸውን ግንባራቸው ላይ ጽፈው ነው የሚዞሩት። አንባቢም ገና ሲያያቸው ይጠነቀቃል። «የበለጠ» ግን የሰፈር ቃል ናት። እናቶቻችን ጉልት ላይ ሽንኩርት ሲመርጡ ይሏታል። ማንም አይጠረጥራትም። በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በወመዘክርም ሆነ በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጣ ጥራዝ ሳገላብጥ ከትልልቆቹ ይልቅ እሷን የምከታተለው ለዚህ ነው። የአገራችን ዜና የታመመበት ቦታ እሷ ጋ ጥርት ብሎ ይታየኛል።

መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። በ1890ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለው ግሪካዊ «አእምሮ»ን ሲጀምር ጋዜጣው በእጅ እየተጻፈ የሚባዛ ነበር። ከቤተ መንግሥቱና ከዙሪያው ብዙም አይርቅም። ሰፋ ያለ ክርክር የመጣው በ1917 «ብርሃንና ሰላም» ሲወጣ ነው። ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ሳሉ ባቋቋሙት ማተሚያ ቤት የሚታተም ሳምንታዊ ጋዜጣ ነበር። ውጭ አገር የተማሩ፣ ወይም አይተው የተመለሱ፣ ወይም እዚሁ ሆነው ብዙ ያነበቡ ሰዎች ይጽፉበት ነበር።

እነዚህ ሰዎች ማወዳደር ይወዳሉ። ሲያወዳድሩ ደግሞ «ከ»ን አይፈሯትም። ከእነ እገሌ ወደ ኋላ ቀርተናል ሲሉ እነ እገሌ እነማን እንደሆኑ ይናገራሉ። በዚያ ዘመን በተማሩት ዘንድ ጃፓን በተለይ ተደጋግማ ትነሳለች። ነጭ ሳትሆን፣ ንጉሠ ነገሥቷን ይዛ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የሠለጠነች አገር ስለሆነች። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ የተቀዳው በብዛት ከጃፓኑ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ጃፓንን ጎብኝተው ያዩትን በመጽሐፍ አሳትመዋል።

ማወዳደሪያቸው ልክ ነበር ማለቴ አይደለም። ቶኪዮንና አዲስ አበባን ጎን ለጎን ማቆም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ግን አንባቢው የሚከራከርበት ነገር በእጁ ገብቷል። «ከጃፓን» ያለህን ሰው «ጃፓን ሌላ፣ እኛ ሌላ» ብለህ መመለስ ትችላለህ። ክርክር የሚነሳው እዚያ ነው። ጋዜጣ ደግሞ ያለ ክርክር ምኑን ጋዜጣ ሆነ?

ጣሊያን መጣና ያ ሁሉ ቆመ። ከወረራው በኋላ ግንቦት 30 ቀን 1933 «አዲስ ዘመን» ወጣ። ንጉሡ አዲስ አበባ ከገቡ ወር አልፎት ነበር። ስሙ ራሱ ማወዳደሪያ ነው። ዘመኑ አዲስ የሆነው ካለፉት አምስት ዓመታት አንጻር ነው። በዚያ ሰሞን «የተሻለ» ብሎ የጻፈ ጋዜጠኛ «ከምን?» የሚለው ሰው አልነበረም። የሚያነበው የካቲት 12ን ያየ፣ ዘመድ የቀበረ ሰው ነው። «ከ»ዋ ባትጻፍም በሁሉም ልብ ውስጥ ነበረች።

ችግሩ የመጣው ማወዳደሪያው ሲያረጅ ነው። ወረራው ካለፈ አሥር ዓመት ሆነ፣ ሃያ ሆነ። ቃሏ ግን በዚያው ቀጠለች። ትምህርት ቤት ሲመረቅ የተሻለ፣ ሆስፒታል ሲከፈት የተሻለ። የፊት ገጹ የጃንሆይ ነበር፤ የት ሄዱ፣ ማንን አነጋገሩ፣ ምን መረቁ። አገሪቱም «ከዕለት ወደ ዕለት» ትሻሻል ነበር። ይህች ሐረግ ላይ ላዩን «ከ» አለባት። ግን ከየትኛው ዕለት ወደየትኛው? ከስንት ወደ ስንት? ቅርጿ የማወዳደር ነው፤ ውስጧ ግን ባዶ ነው። በ1964 የንጉሡ ሰማንያኛ ዓመት ልደት ተከበረ። በ1965 ወሎ ተራበ። ከዕለት ወደ ዕለት የምትለው ሐረግ ለወሎ ገበሬ የምትሆንበት መንገድ አልነበረም፤ ለእሱ በእርግጥ ከዕለት ወደ ዕለት የሚለወጥ ነገር ቢኖርም።

በዚሁ ዘመን፣ በዚያው ጋዜጣ፣ ቃሏ ጤነኛ ሆና የኖረችበት ገጽ ነበር። የስፖርት ገጽ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ደስ ይለኛል።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ጨረሰ። የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንት ሲሆነው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገባ። እንግዲህ «አበበ የበለጠ ፈጠነ» ብላችሁ ጻፉ። ከምን? ከሮም። በስንት? በ3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። ከማን? ከሁለተኛው ከእንግሊዛዊው ሂትሊ በ4 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ። ሮም ላይ ግን ከሞሮኮው ራዲ የቀደመው በ25 ሰከንድ ብቻ ነበር። ሁለቱን ድሎች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ አበበ በአራት ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንዳደገ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ጋዜጠኛው «እጅግ ከፍተኛ» ማለት አላስፈለገውም። ቢልም አይጎዳውም፤ አንባቢው ሰዓቱን አይቶ ይፈርዳል።

ያው የመንግሥት ጋዜጣ ነው። ያው ማተሚያ ቤት፣ ያው ቀለም፣ ምናልባትም ያው አርታኢ። የስፖርቱ ዘጋቢ ማወዳደሪያውን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም፤ ቢደብቅም የሚያነበው ወጣት አይለቀውም። ስለዚህ የኛ ጋዜጠኞች ማወዳደር አያውቁም የሚለውን ወቀሳ አልቀበልም። ያውቃሉ። አሳምረው ያውቃሉ።

ጳውሎስ ኞኞም ያውቅ ነበር። «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ አንባቢ ይጠይቃል፣ እሱ ይመልሳል። መልሱ አጭርና ፊት ለፊት ነው። አንባቢ የማይጠየቅ ነገር የሌለ እስኪመስል ድረስ ይጽፍለት ነበር። ያ ዓምድ ለምን እንዲያ እንደተወደደ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ይኼ ነው፦ በዚያ ጋዜጣ ውስጥ አንባቢው «ከምን?» ብሎ መልስ የሚያገኝበት አንድ ጥግ እሱ ነበር።

1966 ደግሞ ሌላ በር ከፈተ። ተማሪው፣ ታክሲ ነጂው፣ አስተማሪው አደባባይ በወጣበት በዚያ ዓመት የመንግሥት ጋዜጦችም አፋቸው ትንሽ ተፈታ። ስለ ወሎ ተጻፈ። በ1968 «አብዮታዊ መድረክ» በሚለው የ«አዲስ ዘመን» ዓምድ የግራው ወገኖች እርስ በርስ ተፋጩ። ያን ክርክር ዛሬ ማንበብ ቀላል አይደለም። ቋንቋው ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ የፈሰሰውን ደም ስለምናውቅ ደግሞ ልብ ይከብዳል። ግን ሰዎቹ የሚያወዳድሩትን በስም እየጠሩ ነው የሚያወዳድሩት። የትኛው መንገድ ከየትኛው ይሻላል፣ ለማን ይሻላል። ብዙ አልቆየም። በሩ ተዘጋ። ከእነዚያ ተከራካሪዎች መካከል ብዙዎቹ ዕድሜያቸው አጠረ።

ከዚያ በኋላ የ«ከመቼውም ጊዜ» ዘመን መጣ።

በዚያ ዘመን በመንግሥት ጋዜጣ ይሠሩ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ አንድ የሰፈሬ ሰው አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸውን ስለዚህች ቃል ስጠይቃቸው አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ቁጭ ብለው አስረዱኝ።

«ልጄ፣ ዜናው ሲመጣ ቃሉም አብሮ ነበር የሚመጣው» አሉኝ። «መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ይልካል። ሪፖርቱ ላይ ‹የበለጠ› የሚል አለ። አንተ የምትሠራው አርእስት ማውጣት ነው።»

«‹ከምን?› ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፣ ጋሼ?»

«በልባችን እንጠይቅ ነበር። መልሱንም እናውቀው ነበር። ዘንድሮ ከአምና በልጦ ከሆነ ‹ካለፈው ዓመት የበለጠ› ይባላል። ከአምና አንሶ ዕቅዱን ካለፈ ‹ከዕቅድ በላይ› ይባላል። ዕቅዱ ስንት እንደነበር ግን አይጻፍም። ሁለቱም ካልሆነ ‹ከመቼውም ጊዜ በበለጠ ርብርብ እየተደረገ ነው› እንላለን። ርብርብን ማን ይለካል?»

ይህን ከሰማሁ በኋላ የ1970ዎቹን ጥራዞች የማነብበት መንገድ ተለወጠ። ድሮ ሁሉም አንድ ዓይነት መፈክር ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሐረጎቹ ይለያዩብኛል። «ካለፈው ዓመት» የሚል ሳይ ያ መስክ ያን ዓመት ቀንቶት ይሆናል እላለሁ። «ከዕቅድ በላይ» የሚል ሳይ ስለ አምና ለምን ዝም እንደተባለ አስባለሁ። «ከመቼውም ጊዜ» የሚል ስደርስ እዚያ ገጽ ላይ ቆም እላለሁ። ጋሼ እንዳሉት ከሆነ ሐረጉ የተመረጠው የሚጠቀስ ቁጥር ሲጠፋ ነው። የዚያ ዘመን ጋዜጠኞች ባይፈልጉትም እውነቱን በሐረግ ምርጫቸው ትተውልናል።

አንባቢውስ? አንባቢው ማወዳደር የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ዘንድሮ ይህን ያህል ኩንታል ተሰበሰበ ሲባል የአምናውን ለማወቅ የአምናው ጋዜጣ በእጅ መኖር አለበት። የአምናው ጋዜጣ ደግሞ ሱቅ ገብቶ ስኳርና በርበሬ ተጠቅልሎበታል። በየቤቱ ጋዜጣ አስሮ ያስቀመጠ ሰው ከስንት አንድ ነው። ቁጥሩ በየዓመቱ ብቻውን እየመጣ ብቻውን ይሄዳል።

በ1977 መባቻ የሆነው ከሁሉም ይከብደኛል። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር፣ የደርግ ፓርቲ ኢሠፓ ሊመሠረት፣ የአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ ሊጀመር አዲስ አበባ ሽር ጉድ ትል ነበር። ዝናቡ ግን ጠፍቶ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን ገና በመጋቢት 1976 ለለጋሽ አገሮች የድረሱልን ጥሪ አቅርቧል። ስለዚህ መንግሥት አላወቀም ማለት አይቻልም። በዓሉ መስከረም ላይ ተከበረ። በአገር ውስጥ ዜና የአሥር ዓመቱ ድል ተዘረዘረ። ዓለም የተራበው ሕዝብ የተጠለለባትን ኮረምን ያየው ጥቅምት 13 ቀን 1977፣ መሐመድ አሚን የቀረጸው ፊልም በእንግሊዙ ቢቢሲ ሲታይ ነው።

እዚያ ኮረም መጠለያ ውስጥ በየዕለቱ የሚነገሩ ማወዳደሪያዎች ነበሩ። ካለፈው ሳምንት ብዙ ሰው መጥቷል። ከትናንት ብዙ ሞቷል። የዛሬው ስንዴ ከትናንቱ ያንሳል። እነዚህ ሁሉ «ከ» አለባቸው፤ ሁሉም ይቆጠራሉ፤ ነርሷም ቀባሪውም ያውቋቸዋል። ጋዜጣ ላይ መውጣት የነበረባቸው እነሱ ነበሩ። በሰዓቱ ቢወጡ ስንት ሰው ይተርፍ እንደነበር ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ያን ጊዜ መጠየቅ ዋጋ ያስከፍል እንደነበር አልረሳም። «አዲስ ዘመን»ን በአዘጋጅነት የመራው፣ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረው በዓሉ ግርማ የጻፈው ልብ ወለድ ሥራውን አሳጣው፤ በ1976 ደግሞ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ጋሼና ባልደረቦቻቸው ይህን እያዩ ነው አርእስት ያወጡ የነበረው። እኔ በሰላም ቁጭ ብዬ ጥራዝ ስለማገላብጥ ፈራጅ መሆን አይገባኝም። የምፈርደው በሐረጉ ላይ ነው።

የአሁኑስ ዜና? በ1985 የፕሬስ አዋጅ ወጣ፤ የግል ጋዜጦች መጡ፣ ሄዱ፤ ሌሎች መጡ። «ከመቼውም ጊዜ» አልሞተችም፤ ስብሰባ ባለበት ሁሉ ትገኛለች። በየግማሽ ዓመቱ ሪፖርት የምንሰማው ግን ሌላ ሐረግ ነው፦ «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል በመቶ ብልጫ አለው»። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ከልቤ ነው የምለው። ማወዳደሪያው ተነገረ፣ ቁጥሩም መጣ።

ይሁንና «ከ» ስላለች ብቻ ነገሩ አያልቅም። አንድ መሥሪያ ቤት አምና 100 ብር ሰብስቦ ዘንድሮ 130 ብር ቢሰበስብ የ30 በመቶ ብልጫ ነው። ግን በ2014 የዋጋ ንረቱ ራሱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 130 ብር የሚገዛው አምና 100 ብር ይገዛ ከነበረው አይበልጥም፤ እንዲያውም ያንሳል። አምና ወረርሽኝ ወይም ጦርነት የነበረበት ወቅት ከሆነ ደግሞ ዘንድሮ ምንም ቢሠራ ብልጫ ይኖረዋል። እና ዜናውን ስሰማ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ አምና ምን ዓይነት ዓመት ነበር? ሁለተኛ፣ በብር ነው ወይስ በሚገዛው ዕቃ? ዘጋቢው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ሁለቱም ይመለሳሉ። የአበበን ሰዓት የጻፈው ዘጋቢ ሊያደርገው ከቻለ የዛሬው ምን ያቅተዋል?

አሁን አንድ ሥራ ጀምሬያለሁ። ከ1971 እስከ 1982 ድረስ በጋዜጣ የወጡትን የእህል ምርት ዜናዎች በዓመት በዓመታቸው እየደረደርኩ ነው፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ኩንታሉን፣ ከየትኛው ሐረግ ጋር እንደመጣ። ጋሼ ያሉትን በቁጥር ማየት እፈልጋለሁ። ያየኋቸው ጥራዞች ግን ጎዶሎ ናቸው፤ ገጻቸው የተቀደደ፣ ወራቸው የጎደለ አለ። በተለይ የ1975ና የ1976 የመኸር ወራት ብዙ ክፍተት አለባቸው። አባታችሁ ወይም አያታችሁ የእነዚያን ዓመታት «አዲስ ዘመን» ወይም «የዛሬይቱ ኢትዮጵያ» አስረው አስቀምጠው ከሆነ እባካችሁ ለመጠቅለያ አትስጡት። ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩልኝ ይበቃኛል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉትን አስቀድሙልኝ፤ የመኸር ዜና የሚበዛው እነዚያ ላይ ነው።